ማሽን አራት፣ ማክሰኞ ጠዋት

“አባባ፣ ስምዎ የለም አልኩዎት እኮ። እኔ ምን ላድርግ፤ የሚናገረው ወረቀቱ ነው።”

መዝጋቢዋ ይህን የሰማችው ወደ ኩላሊት እጥበት ክፍል በሚያስገባው ኮሪደር ላይ፣ የቢሮዋን ቁልፍ ቦርሳዋ ውስጥ እየዳበሰች ስትራመድ ነው። ጥበቃው የዕለቱን ስም ዝርዝር ጠንካራ ካርቶን ላይ ለጥፎ እንደ ጋሻ ደረቱ ላይ ይዞታል። ፊት ለፊቱ የቆሙት ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሾፌር ናቸው፤ ክፍሉ ውስጥ ሁሉም “ጋሼ ሾፌሩ” ይሏቸዋል። ሁልጊዜ የሚለብሱት ቡናማ ኮት፣ ፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ የተጠቀለለች ስስ ብርድ ልብስ፣ አራት ሰዓት ሙሉ ማሽን ላይ ሲተኙ የሚሰሟት ትንሽ ሬዲዮ፣ ሁሉም አብሯቸው አለ። ዛሬ የተለየው ጫማቸው ነው። ተረከዙን አጥፈው እንደ ሸበጥ ረግጠውታል። “እኔ በሥራ ዘመኔ ትኬት የሌለውን ተሳፋሪ ብዙ አውርጃለሁ፤” አሉ በለሆሳስ፣ ትንፋሻቸውን መሀል ላይ እየሰበሰቡ፤ “ትኬቱን ይዞ የሚወርድ ግን እዚህ ገና አየሁ።” ጥበቃው ሳቀ። እሳቸውም ፈገግ አሉና የደረጃውን ብረት ይዘው መውረድ ጀመሩ። ሦስተኛው ደረጃ ላይ ቆመው አረፉ። ከታች የሚወጡ ሁለት ሴቶች ጥግ ይዘው አሳለፏቸው።

ቢሮዋ ድሮ የአንሶላ ማስቀመጫ የነበረች ጠባብ ክፍል ናት፤ ግድግዳዋ እስካሁን በረኪና በረኪና ይሸታል። ከእጥበት ክፍሉ የሚለያት አንድ ተንሸራታች የመስታወት መስኮት ነው። ከአራት ዓመት በፊት ስትቀጠር የታካሚዎቹ ስም ሰባት ደብተር ላይ ተበትኖ ነበር የሚገኘው፤ የጥበቃው ለብቻ፣ የነርሶቹ ለብቻ፣ የዕቃ ግምጃ ቤቱ ለብቻ። አንድ ሰው ቀኑ ከተቀየረ ሰባቱም ላይ መሰረዝና መጻፍ ግድ ነው፤ ሁልጊዜም አንዱ ይረሳል። እሷ ሰባቱን ሰብስባ አንድ የኤክሴል ፋይል አደረገቻቸው። ዋናው ሺት ላይ ሠላሳ ስድስቱም ታካሚዎች ከነቀናቸው፣ ከነፈረቃቸውና ከነማሽናቸው ተጽፈዋል። ሌሎቹ ሺቶች በራሳቸው የሚያውቁት ነገር የለም። የዕለት ዝርዝሩ ላይ ያለችው እያንዳንዷ ሳጥን ውስጥ ያለው ስም ሳይሆን ትእዛዝ ነው፤ የእኩል ይሆናል ምልክት፣ ከዚያ የዋናው ሺት ስም፣ ከዚያ የሳጥኗ አድራሻ። ሂድና እዚያ ያለውን አምጣ እንደማለት። ስለዚህ ዋናው ላይ አንድ ፊደል ከተነካ የጥበቃው ወረቀትም፣ የነርሶቹም፣ የግምጃ ቤቱም አብሮ ይቀየራል። ባልደረቦቿ ከዚያ ወዲህ “ቀመር” ብለው አወጡላት። ለነርሶቹ ሥልጠና በሰጠችበት ቀን “አንድ ቦታ ቀይሩ፣ ሁሉም ቦታ ይቀየራል” ያለቻቸውን እስከ ዛሬ እየደገሙ ይቀልዱባታል። ቀልዱን ትወደዋለች። በአራት ዓመት ውስጥ አንድም ሰው በስም ስህተት ተጉላልቶ አያውቅም ብላ በልበ ሙሉነት ትናገር ነበር።

ኮምፒውተሩን ከፍታ ተቀመጠች፤ የሥራው ፍላጎት ግን አልመጣ አላት። ያ የተረገጠ የጫማ ተረከዝ ከዓይኗ አልጠፋም። ሰውየው የዛሬ ሳምንት ማክሰኞም መጥተው ነበር። ጥበቃው ሲመልሳቸው እዚህችው መስኮት ድረስ መጥተው በጣታቸው መስታወቱን ቆርቆር አደረጉና “ልጄ፣ ይኸው ሁለተኛ ሳምንቴ ነው፤ ማክሰኞዬ የት ሄደ?” አሏት። ሰው ተሰልፎ ነበር፤ ስልኩም እየጠራ። የታተመውን ወረቀት አንስታ ስማቸውን ከላይ እስከ ታች ፈለገች፤ የለም። “ወረቀቱ ላይ ከሌሉ ሐኪሙ ወደ ሁለት ቀን ቀንሶልዎት ይሆናል ጋሼ። ሐሙስና ቅዳሜ ግን አሉ፤” አለቻቸው። ትዝ ይላታል፤ ፊታቸው በርቶ ነበር። “ታዲያ እየተሻለኝ ነዋ፤” አሉና እጇን በመስኮቱ በኩል ጨብጠው ሄዱ። እሷም ደስ ብሏት ወደ ስልኩ ዞረች።

የሚሻለው ሰው ግን ደረጃ ላይ ቆሞ አያርፍም።

ዋናውን ሺት ከፈተች። ጋሼ ሾፌሩ ረድፍ አሥራ አንድ ላይ ናቸው፤ ማክሰኞ፣ ሐሙስ፣ ቅዳሜ፣ ጠዋት፣ ማሽን አራት። የነካው የለም፤ የቀነሰ ሐኪምም የለም። የዕለት ዝርዝሩን ከፈተች። ማክሰኞ ጠዋት ማሽን አራት ላይ የተጻፈው የሌላ ሰው ስም ነው። ጠቋሚውን እዚያች ሳጥን ላይ አድርጋ ወደ ላይኛው መስመር አየች። እዚያ መገኘት የነበረበት ትእዛዙ ነው፤ የተገኘው ግን በጣት የተመታ ባዶ ስም ብቻ። አንድ ሰው ከዋናው የሚያገናኛትን ትእዛዝ ደምስሶ በላዩ ላይ ጽፎበታል። ችግሩ፣ ተጎትቶ የመጣ ስምና በእጅ የተጻፈ ስም ለዓይን አንድ ናቸው፤ ወረቀት ላይ ሲታተሙማ ምንም አይለያቸውም። ወደ ከሰዓቱ ፈረቃ ወረደች። ማሽን ሰባት ላይ ያው ስም እንደገና አለ፤ ይሄኛው ግን ትእዛዙ እንዳለ ነው፣ ከዋናው የመጣ። አንዲት ሴት በአንድ ቀን ሁለት ጊዜ፣ ሁለት ማሽን ላይ። የዕቃውን ሺት ስታይ ደግሞ ግምጃ ቤቱ ባለፉት ሁለት ማክሰኞዎች ለየታካሚው አንድ፣ አሥራ ስምንት የደም ማጣሪያ ልኮ ሁለቴም አንድ ተመልሶለታል፤ እሷ የቆጠራ ስህተት ነው ብላ አልፋዋለች። ከመደርደሪያው ላይ ያለፉትን ወረቀቶች አወረደች። የከሰዓቷ ነርስ ማሽን ሰባት ፊት ለፊት በእስክሪብቶ “አልመጡም” ብላ ጽፋለች፤ ያለፈው ማክሰኞም፣ የዚያ በፊቱም። ሁለት ከሰዓት ሙሉ ማሽን ሰባት ባዶውን ሲቆም፣ ጋሼ ሾፌሩ ቤታቸው ቁጭ ብለው ነበር።

ስሙን ደግማ ማንበብ አላስፈለጋትም። ቤት ውስጥ የሴትየዋን አልጋ ከእሷ አልጋ የሚለየው አንድ ክንድ የማይሞላ መተላለፊያ ነው፤ የወንድሟ ሚስት እናት ናቸው። የዛሬ ሦስት ሳምንት ገደማ ማታ ራት ላይ የወንድሟ ሚስት “እግዜር ይስጣቸው፣ ሲስተር እማዬን ማክሰኞ ጠዋት አደረጉልን” ስትል ሰምታ ነበር። ወንድሟ የዚያው ሆስፒታል የእጥበት ማሽኖች ጠጋኝ ነው፤ ሳህኑ ላይ አቀርቅሮ መብላቱን ቀጠለ። እሷም የክፍሉን ነገር ቤት ላለማስገባት ለራሷ የማለችው ነገር ስላለ ምንም አልጠየቀችም። ዝም አይነቅዝም ይባል የለ። ሲስተር ዋናው ላይ አስገብተውት ይሆናል ብላ ተኛች።

ፋይሉን እንደተከፈተ ትታ ወጣች። ኮሪደሩን በሩጫ፣ ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለች ወረደችው። ከሆስፒታሉ አጥር ውጭ፣ የሞባይል ካርድና የጨርቅ ጫማ የሚሸጡት በተደረደሩበት መንገድ ዳር፣ የአውቶቡስ መጠለያው ወንበር ላይ ተቀምጠው አገኘቻቸው። ከረጢታቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገዋል። አንድ አውቶቡስ አልፏቸው ሄዷል፤ በሩ ከፍ ስላለባቸው እግራቸውን ማንሳት አልቻሉም። ሠላሳ አንድ ዓመት የነዱት የዚያኑ መስመር አውቶቡስ ነበር።

“ጋሼ፣ ይነሡ፤ እንመለስ።”

“ስሜ ተገኘ እንዴ?”

“ስምዎ መች ጠፍቶ። ያጠፋነው እኛ ነን።”

ቀና ብለው አዩዋት። “እንግዲያው ሐኪሙ አልቀነሰልኝም፤” አሉ።

“አልቀነሰልዎትም።”

“እኔ ደሞ ለጎረቤቱ ሁሉ እየተሻለኝ ነው ብዬ አወራሁ፤” አሉና መሬት መሬቱን አዩ። “አከራዬ እንኳ እንኳን ደስ ያለዎት ብላኛለች። ዛሬ ትንፋሼ ቢቆራረጥ ነው እንደገና የመጣሁት።” ከዚያ እጃቸውን ሰጧት፤ እሷም በብብታቸው ስር ገብታ አነሣቻቸው። እስከ በሩ ያለው መንገድ ለሌላ ሰው ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። እነሱ ሩብ ሰዓት ፈጀባቸው። አምስት ጊዜ ቆሙ። ሲቆሙ ሁሉ እሳቸው ስለሌላ ነገር ነው የሚያወሩት፤ ስለ ታሪፉ መጨመር፣ ሁለት አውቶቡስ መቀየር ድሮ ዳቦ መግዣ በማይሞላ ሳንቲም እንደነበረ፣ አሁን ያለው ሾፌር ፍሬን አያያዝ እንደማያውቅ። ይህን የሚያደርጉት እሷ እንዳትጨነቅ ብለው መሆኑ ገባት።

የዕለቱ ሐኪም ወጣት ሴት ናት። ጀርባቸውን አዳምጣ፣ ቅልጥማቸውን በጣቷ ተጭና፣ ሚዛን ላይ አውጥታ አየቻቸው፤ ካለፈው ቅዳሜ አምስት ኪሎ ጨምረዋል፣ ሁሉም ውኃ ነው። “ሳንባቸው ድረስ መጥቷል። ዛሬ ተመልሰው ቢሄዱ ነገ የሚመጡት በአምቡላንስ ነበር፤ ከመጡ፤” አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ። ኦክስጅን ተደረገላቸውና ከመጀመሪያው የሚለቀቀውን ማሽን እየጠበቁ ክፍሉ ውስጥ ተንቀሳቃሽ አልጋ ላይ ተጋደሙ። አልጋው የቆመው ማሽን አራት አጠገብ ነው፤ ሌላ ባዶ ቦታ አልነበረም። ማሽን አራት ላይ የተኙት አሮጊት ከብርድ ልብሳቸው ውስጥ አንገታቸውን አውጥተው የሰውየውን እግር አዩ፤ ቀጥለው መዝጋቢዋን አዩ። “ይሄ ሰውዬ ምን ሆኖ ነው ልጄ?” አሏት። “ማታ እነግርዎታለሁ፤” አለቻቸው። ቤት ውስጥ በቀን አሥር ቃል የማይለዋወጡ ሰዎች ስለነበሩ፣ አሮጊቷ በዚህች መልስ ውስጥ ነገር እንዳለ ገባቸውና ዓይናቸውን ጨፈኑ። መተኛት ግን አልተኙም።

ሲስተርን ያገኘቻቸው ዕቃ ክፍል ውስጥ የማጣሪያ ካርቶን ሲቆጥሩ ነው። ሠላሳ ዓመት ያገለገሉ ዋና ነርስ ናቸው፤ ክፍሉ ውስጥ የሚፈሩትም የሚወደዱትም እሳቸው ናቸው። በሩን ከኋላዋ ገፋ አድርጋ ዘጋችው።

“ሲስተር፣ ማክሰኞ ጠዋት ማሽን አራት ላይ ስም የጻፉት እርስዎ ነዎት?”

ሲስተር ለመካድ አልሞከሩም። ያን ሰሞን ወንድምሽ ለመነኝ አሉ፤ ሚስቱ አዲስ የያዘችው የመጋረጃ ስፌት ማክሰኞ ከሰዓት ካልተገኘች ጨርቁን ለሌላ የሚያከፋፍሉበት ሥራ ነው፤ አሮጊቷን ደግሞ ብቻቸውን ማን ይመልሳቸዋል። በሌሊት ተነሥቶ ማሽን የሚጠግንልን ልጅ ነው፣ እንዴት እምቢ እላለሁ። ጋሼን ከሰዓት አደርጋቸዋለሁ፣ ደውዬም እነግራቸዋለሁ ብዬ ነበር። አራትን ጽፌ ሳበቃ የአንዱ ታካሚ ግፊት ወረደና ተጠራሁ። “የጋሼን ስም ሰባት ላይ ሳልጽፍ ተነሣሁ። ኋላ ትዝ ሲለኝ ግን አንቺ ያልሺው አለ አይደል፣ አንድ ቦታ ከተቀየረ ሁሉም ቦታ ይቀየራል። ራሱ አስተካክሎታል ብዬ፣ ስልኩንም ረሳሁት። ከሰዓት እየመጡ ነው ብዬ ነው የማስበው።” ይህን ብለው ካርቶኑ ላይ ተቀመጡ። “ዛሬ ሦስተኛው ነው?” ብለው ጠየቁ። ሦስተኛው ነው አለቻቸው። ነጭ ቆባቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡት።

መዝጋቢዋ ልትናገረው አዘጋጅታ የገባችው ቃል ነበር፤ አፏ ላይ ቀረ። የሲስተር ምክንያት ውኃ የሚያነሳ አልነበረም፤ ሰውየውን ማንም አልጠየቃቸውም፣ ጠዋታቸው የተሰጠው ለሥራ ባልደረባ ዘመድ ነው። ግን ያ ዓረፍተ ነገር የራሷ ነው። አንድ ቦታ ስትል ዋናውን ሺት ብቻ ማለቷ እንደሆነ፣ ሌላው ቦታ ላይ የተጻፈ ነገር ወደ ኋላ እንደማይሄድ፣ ይልቁንም ከዋናው ጋር ያለውን ግንኙነት በጥሶ ብቻውን እንደሚቀር በሥልጠናው ቀን አልነገረቻቸውም። ለእሷ ግልጽ ስለነበረ ለሰው ሁሉ ግልጽ መስሏት ነበር። “እጽፈዋለሁ ሲስተር። ለዳይሬክተሩ፤” አለች። ሲስተር ቆባቸውን እያዩ ራሳቸውን ነቀነቁ። “ጻፊው፤” አሉ።

ጋሼ ሾፌሩ ማሽን ላይ የወጡት ከረፋዱ አምስት ሰዓት ተኩል አልፎ ነው፤ በራሳቸው ማሽን፣ በአራት ላይ። አሮጊቷ ሲነሡ ነርሷ ወዲያው አጥባ፣ ቱቦውን ቀይራ አዘጋጀችላቸው። ከሁለት ሰዓት በኋላ ትንፋሻቸው ረገብ ሲል መዝጋቢዋ በርጩማ ይዛ አጠገባቸው ተቀመጠች። የሆነውን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገረቻቸው፤ የማን ዘመድ እንደሆኑ፣ እሷ ራሷ መስኮቱ ላይ ምን እንዳለቻቸው። ስትጨርስ “አሁን የምጠይቅዎት ቀድሞ መጠየቅ የነበረበትን ነው፤” አለች። “ጠዋት ይሻልዎታል ወይስ ከሰዓት?” ከልቧ ከሰዓት ቢሉላት ተመኝታ ነበር፤ ቤቷ ውስጥ የሚጠብቃት ነገር ይቀልላት ነበር።

“ጠዋቴን መልሱልኝ፤” አሉ። “ከሰዓት ሲያልቅ አውቶቡሱ ሠራተኛ ጭኖ ነው የሚመጣው። መቀመጫ የለም። እኔ ደግሞ ከዚህ ስነሣ እግሬ ቄጤማ ነው። ጠዋት ግን ባዶውን ነው፣ መስኮት ዳር ቁጭ ብዬ እሄዳለሁ።” ከዚያ ጨመሩ። “ልጅቷ ሥራዋን ታጣለች እንዴ?”

“እሱን እኛ እናውቃለን ጋሼ።”

ወደ ቢሮዋ ተመልሳ ማሽን አራት ላይ ያለችውን ሳጥን አጠፋቻት። የእኩል ይሆናል ምልክቱን ጻፈች፣ ዋናውን ሺት ጠቅ አደረገች፣ ረድፍ አሥራ አንድን ነካች፣ አስገባች። የጋሼ ሾፌሩ ስም ተመልሶ መጣ። ሥራው አሥር ሰከንድ እንኳ አልፈጀም፤ እንዲያ መሆኑ አናደዳት። በዚያ አላቆመችም። ምሳዋን ሳትበላ ከሰዓቱን ሙሉ ያንን ፋይል እንደ አሮጌ ቤት ፈተሸችው። የዕለት ዝርዝሩን ሳጥኖች አንድ በአንድ አይታ ትእዛዛቸው ያለ መሆኑን አረጋገጠች፤ ሌላ የተበጠሰ አልነበረም። ከዚያ ከዋናው በቀር ሁሉንም ሺት በይለፍ ቃል ቆለፈች፤ ከእንግዲህ ማንም በላያቸው ሊጽፍ አይችልም። አንድ ስም በአንድ ቀን ሁለት ጊዜ ከታየ፣ ወይም ሦስት ቀን የታዘዘለት ሰው ሁለት ቀን ብቻ ከወጣ፣ ረድፉ ቀይ እንዲሆን አደረገች። ዋናው ላይ ደግሞ “ታካሚው ተጠይቋል” የሚል አዲስ ዓምድ ጨመረች፤ እዚያ ቀንና ፊርማ ካልገባ ለውጡ ወደ ሌሎቹ ሺቶች አያልፍም። ይህን የመጨረሻውን ትእዛዝ ለማሳካት አራት ጊዜ ሞክራ በአምስተኛው ሠራላት። ከዚያ ለዳይሬክተሩ የሚሄደውን አንድ ገጽ ጻፈች፤ አተመች፤ ፈርማ ፖስታ ውስጥ ከተተችው። ዳይሬክተሩ ስብሰባ ሄዷል፣ ነገ ሁለት ሰዓት ይገባል ተባለች። ጋሼ ሾፌሩን ሐኪሟ ለአንድ ሌሊት አስተኝታቸዋለች፤ ስትወጣ አልፋ አየቻቸው፤ ሬዲዮአቸውን ጆሮአቸው ላይ ለጥፈው እንቅልፍ ወስዷቸዋል።

የመዝጋቢዋና የወንድሟ ቤት ሦስት ክፍል ኪራይ ነው፤ ዘንድሮ ሁለት ጊዜ ጨምሮባቸዋል። የፊተኛው ክፍል ቀን የልብስ ስፌት ቤት፣ ማታ ሳሎንና ወጥ ቤት ነው። ስትገባ ጠረጴዛው ላይ የተከመረው ክሬም ቀለም የመጋረጃ ጨርቅ ወደ ግድግዳ ተገፍቶ፣ በአራት ሰው ልክ ቦታ ተለቅቆ፣ ሩዝና ሾርባ ቀርቧል። የወንድሟ ሚስት ዛሬ ያገኘችው ጨርቅ ካለፈው ሳምንት በእጥፍ እንደሚበልጥ እያወራች ነበር፤ ቀና ያለች ሴት ናት፣ ሲሳካላት ድምጿ ይቀጥናል። ወንድሟ ቀድሞ ገብቷል፤ መለዋወጫ ሊያመጣ ሌላ ሰፈር ውሎ ነበር፤ ዓይኑን ከሳህኑ አላነሣም። እንደሰማ አወቀች። አሮጊቷ ማንኪያቸውን አስቀመጡና “ማታ እነግርዎታለሁ ያልሺኝ ደርሷል፤” አሏት።

እሷም ተናገረች። ድምጿን ከፍም ዝቅም አላደረገችም፤ ፋይሉ ላይ እንዳየችው፣ በተራ በተራ ነገረቻቸው።

“ያ እግሩ ያበጠው ሰውዬ?” አሉ አሮጊቷ።

“እግራቸው ያበጠው በነዚህ ሦስት ሳምንታት ነው።”

አሮጊቷ ወደ ልጃቸው ባል ዞሩ። “ልጄ፣ እኔ መሞቻዬን ነው የምጠብቀው። በሰው መሞቻ ላይ ለምን ታስተኛኛለህ? ከሰዓት መሄድ መረረኝ ያልኩህ መቼ ነው?” አላሉትም፤ የጠየቃቸውም አልነበረም። የወንድሟ ሚስት ባሏን አየችው። “ክፍት ቦታ ነው አይደል ያልከኝ፤” አለች። ከዚያ ወደ ጨርቁ ክምር ዞር ብላ በእጇ መዳፍ ደባበሰችው። መዝጋቢዋ ይህን ጊዜ ነው “ማክሰኞ ከሰዓት እኔ አመጣቸዋለሁ” ያለችው። “አንቺ ሰባት ሰዓት ላይ አድርሻቸው ወደ ሥራሽ ሂጂ። እሳቸው የሚጨርሱት አሥራ አንድ ሰዓት ነው፤ እኔም የምወጣው አሥራ አንድ ሰዓት ነው። አንድ ቤት ነው የምንገባው።” ሦስቱም አዩዋት። ነገሩ ይህን ያህል ቀላል ነበር። አሮጊቷ “ሦስት ዓመት አንድ ክፍል አብረን ስንተኛ፣ አንቺን መጠየቅ ያልታሰበን ምን ነክቶን ነው?” አሉ። የወንድሟ ሚስት ተነሥታ ሾርባ ጨመረችላት፤ ጭልፋው ሳህኑን ነካ፣ ትንሽ ፈሰሰ፣ በጨርቅ ጠረገችው። “እግዜር ይስጥሽ፤” አለች ሳታያት።

ወንድሟ ሳህኑን ሳይጨርስ ወጥቶ በረንዳው ደረጃ ላይ ተቀምጧል። ገና አልጨለመም፤ ጎረቤት ልብስ ከገመድ ላይ ይሰበስባል። ሄዳ አጠገቡ ተቀመጠች። እጁ እንደ ሁልጊዜው ግራሶ ግራሶ ይሸታል።

“ሲስተር ደወሉልኝ፤” አለ። “ጽፈሻል አሉኝ።”

“አንድ ገጽ።”

“ስሜ አለበት?”

“አለበት።”

“አንቺ እዚያ መሥሪያ ቤት የገባሽው በማን እንደሆነ አትርሺ።” ቁጣ አልነበረበትም፤ እንዲያውም ልመና ይመስል ነበር።

“አልረሳሁም ወንድም ጋሼ። ስታስገባኝ ምን እንዳልከኝም አልረሳሁም። እንዳታሳፍሪኝ ነው ያልከኝ።”

ወንድሟ ጥፍሩ ውስጥ ያለውን ጥቁር በሌላው ጥፍሩ ይፍቅ ጀመር። “መጥፎ ነገር ማድረጌ አልመሰለኝም፤” አለ። “አንድ ቀን ብቻ መቀያየር ነው ብዬ። ሰውየው ከሰዓት ሲመጣ እንኳ አይቼ ሰላም እላለሁ ብዬ ነበር። አላየሁትም። አለማየቴንም ልብ አላልኩም።” ቀና አለ። “ስንተኛ ላይ ነው የጻፍሽኝ?”

“ሦስተኛ።”

“ሁለተኛዋ ሲስተር ናቸው።”

“አዎ።”

“አንደኛው ማን ነው?”

“እኔ ነኝ። የዛሬ ሳምንት መስኮቴ ድረስ መጥተው ጠየቁኝ። ወረቀቱን ብቻ አይቼ፣ ዋናውን ሳልከፍት መለስኳቸው። ያን ዕለት ከፍቼው ቢሆን እዚህ አይደርሱም ነበር። እንደዛው ነው የጻፍኩት።”

ይህን ሲሰማ ዞሮ አያት። ጎረቤት የመጨረሻዋን ሸሚዝ አውርዶ ገባ፤ ገመዱ ባዶውን ተወዛወዘ።

“ዳይሬክተሩ ስንት ሰዓት ነው የሚገባው?” አለ በመጨረሻ።

“ሁለት ሰዓት።”

“ፖስታሽ ከመድረሱ በፊት እኔ ራሴ ገብቼ ልንገረው። ሰውየው ጋም እሄዳለሁ።”

“አብረን እንገባለን።”

“አይሆንም። ታላቅሽ ነኝ፤ እኔ ልቅደም።”

“በር ላይ ቅደም፤” አለችው እየተነሣች፤ “ወረቀቱ ላይ ግን የምቀድመው እኔ ነኝ።” እጇን ዘረጋችለት። ይዟት ተነሣና ሁለቱም ወደ ራታቸው ተመለሱ።